ቦለቅያ ከጓዳ ወደ ገበያ

«የውበት ቤት» ሲባል ብዙዎቻችን በአዲስ አበባ ያለውን፣ መስተዋትና መብራት የበዛበትን ቤት እናስባለን። በቆቦና በራያ ቆላ ያደገች ሴት ግን ገላ የሚታደስበትን መንገድ ከከተማ አልተማረችም። አራስ ስትነሳ፣ ሙሽራ ስትዘጋጅ፣ ብርድ ወገብ ሲይዝ በእናቷ ጓዳ ቦለቅያ አለ። እኛም ይህንኑ የጓዳ ሥራ የገበያ ሥራ አድርገን እንተዳደርበታለን። ተመሳሳይ ሐሳብ ላላቸው እህቶች ይጠቅም እንደሆነ በማለት ያየነውን እነሆ ጽፈናል።

እኛ ስንል ሦስት ሴቶች ነን፤ አንዲት እናት፣ ልጃቸውና ምራታቸው። እናታችን በሰፈሩ አራስ በማረስ የታወቁ ናቸው። ልጃቸው ባሏ ከሞተ ወዲህ ሁለት ልጆቿን በልብስ ስፌት ታሳድግ ነበር። ምራትየው፣ ማለትም ይህን ጽሑፍ የምትጽፈው፣ በልጅነቷ ጧት መድረሳ ቁርኣን፣ ከሰዓት ትምህርት ቤት ሒሳብ እየተማረች ያደገች፣ ዛሬ በሠላሳዎቹ ዕድሜ ያለች አስተማሪ ናት።

በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ቆቦ ደረሰ። በ2014 ዓ.ም. ነሐሴ ደግሞ እንደገና መጣ። በዚያ መካከል የስፌት ማሽኑ፣ አልጋው፣ የልጆቹ ልብስ ሳይቀር ከቤት ወጥቶ ሄደ። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያው ስምምነት ከተፈረመ በኋላ ሁላችንም በእናታችን ግቢ ተሰባሰብን። የአስተማሪ ደመወዝ የወሩን አጋማሽ አያልፍም ነበር። አንድ ቀን ምን እንሥራ እያልን ስንመካከር እናታችን ወደ ጓዳ አመለከቱና «ሁሉን ሲወስዱ ጉድጓዷን አልወሰዷትም» አሉ። ሥራው የተጀመረው ከዚህች ንግግር ነው።

ቦለቅያ ምንድን ነው?

ከሩቅ ላሉ አንባቢያን ባጭሩ እንግለጸው። በክፍሉ ወለል ላይ ትንሽ ጉድጓድ ተቆፍሮ በሸክላ ይለበጣል። ፍም ይገባበትና በላዩ የወይባ ወይም የወይራ እንጨት ይደረጋል። ሴትየዋ ገላዋን ቅቤ ተቀብታ፣ መሐሉ ክፍት በሆነ መቀመጫ ላይ ሆና እስከ አንገቷ በወፍራም ልብስ ትሸፈናለች። ጭሱና ሙቀቱ በልብሱ ውስጥ ይታፈናል። ላብ ይወርዳል፣ ቆዳ ይለሰልሳል፣ የገላ መልክም ወደ ቢጫነት ያደላል፤ መልካም ሽታውም ለቀናት አይለይም።

ይህ ልማድ የእኛ ብቻ አይደለም። በጎረቤት ሱዳን ዱኻን ይባላል፤ ሙሽሮችና ባለትዳር ሴቶች ይሞቁታል። እነርሱ ጦልሕ የሚሉትን ግራርና ሻፍ የሚሉትን ዛፍ ያጨሳሉ። ሻፍ የእኛው ወይባ ነው።

ለምን ይከፈልበታል?

«ሁሉም በቤቱ ያለውን ነገር ማን ገንዘብ ከፍሎ ይገዛል?» ያሉን ብዙዎች ናቸው። ጥያቄው ተገቢ ነበር፤ ስለሆነም ሥራውን ከመጀመራችን በፊት ለጥቂት ሳምንታት ሴቶችን ስንጠይቅ ቆየን።

በአገራችን ይህን መሰሉን ሥራ በዘመናዊ መልክ ከጀመሩት መካከል አቶ ታዲዮስ ጌታቸው ይጠቀሳሉ። በአሜሪካ ቦስተን ከተማ የፀጉር ሥራ ቤት የነበራቸው እኒህ ሰው ወደ አገራቸው ተመልሰው በአዲስ አበባ ቦሌ መንገድ ቦስተን ዴይ ስፓን ከፈቱ፤ ኩሪፍቱ የተባለውን የቢሾፍቱ መዝናኛም ሠሩ። የከተማ ሰው ለእረፍት ገንዘብ እንደሚከፍል አስቀድመው ተረድተው ነበር ማለት ነው። የቆቦ ሴትስ ለምን ትከፍላለች?

መልሱን ያገኘነው ከተከራዮች ነው። ከሮቢትና ከጎብዬ መጥታ በከተማው አንዲት ክፍል የተከራየች ሴት ወለሉ ሲሚንቶ ነው፤ አከራይዋም ጉድጓድ ቁፈሪ አይሏትም። ከጎረቤት የሚለያት ግድግዳ ስስ ነው፤ ጭሱ የሰው ቤት ይገባል። ከዓረብ አገር የተመለሱት እህቶቻችን ደግሞ ለዓመታት የሰው ገላ ሲያጥቡ፣ የሰው ልጅ ሲያሳድጉ ኖረው የራሳቸውን ገላ የሚንከባከብላቸው አላገኙም። እናቷ የሞተችባት አራስም አለች። እነዚህ ሁሉ ጓዳ ያጡ ናቸው። እኛ ልናከራያቸው የቻልነው ያንኑ ጓዳ ነው።

ገንዘቡ ከየት መጣ?

በክልላችን የአነስተኛ ሥራ ብድር ሲባል ለብዙ ዘመን ይታወቅ የነበረው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም (አብቁተ) ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ጸደይ ባንክ ሆኗል። ወለድ ያለበትን ብድር ግን እኛ አልፈለግነውም። ከወለድ ነፃ አገልግሎት ባንኮች እንዲሰጡ በብሔራዊ ባንክ መመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2011 ሲሆን፣ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆነው ዘምዘም ባንክ ሥራ የጀመረው በ2021 ነው። ይህ ለብዙ ነጋዴ ትልቅ እፎይታ ነው። ለአንድ ጉድጓድ፣ ለሁለት መጋረጃና ለአንድ የውኃ በርሜል ግን ባንክ ቤት መሄድ አላስፈለገንም።

በመሆኑም በመድረሳ የተማርነውን ሙዷረባ ሥራ ላይ አዋልነው። በዚህ ውል አንዱ ወገን ገንዘብ፣ ሌላው ድካሙን ያቀርባል፤ ትርፉን በተስማሙበት ድርሻ ይካፈላሉ። ኪሳራ ቢመጣ ገንዘቡ የባለገንዘቡ፣ ድካሙ የሠራተኛው ይሄዳል። ኸዲጃ (ረ.ዐ.) በገንዘቧ ስታስነግድ የኖረችው በዚህ ዓይነት ስምምነት እንደነበር ከሲራ እናውቃለን። የአስተማሪዋ ዕቁብ ሲደርስና አንድ የወርቅ አምባር ሲሸጥ ገንዘቡ ተገኘ። ሥራው የእናትና የልጅ ሆነ። ለክፍሉ ኪራይ አስቀድሞ ለእናታችን ይከፈላል፤ ወጪ ሁሉ ተቀንሶ የተረፈው ለሦስት ይካፈላል።

ውሉን በጽሑፍ አድርገን ሁለት ምስክሮች ስንፈልግ አንድ ሽማግሌ «እናትና ልጅ ምን ወረቀት ያስፈልጋችኋል? ወረቀት ያጣላል» አሉን። በሱረቱል በቀራ 282ኛው አንቀጽ የዕዳ ውል እንዲጻፍና ምስክር እንዲቆም መታዘዙን ብናስታውሳቸውም ቅር ብሏቸው ነበር። ነገሩን የቋጩት እናታችን ናቸው፤ «ጻፉት፤ እኔ ስረሳ ወረቀቱ አይረሳም» አሉ። ከንግድ ፈቃዱ ቀጥሎ በቤታችን ተጠብቆ የሚቀመጠው ይኸው ወረቀት ነው።

የሰው ገላ አደራ ነው

ሥራው በአንዲት ትንሽ ከተማ ሲሠራ ትልቁ ካፒታል መልካም ስም ነው። ለአንዲት ባልቴት ደግሞ ስም ማለት የልጆቿ እንጀራ ነው። «እዚያ ቤት ምን ይሠራ ይሆን?» የሚል ወሬ አንዴ ከተነሳ አይመለስም። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድመን ያሰብነው ስለ መጋረጃውና ስለ በሩ ነው።

የሴቶች መታጠቢያ ለብቻው መሆኑ በእስላሙ ዓለም የቆየ ሥርዓት ነው። በኢስታንቡል መሐንዲሱ ሲናን ለሱልጣን ሱለይማን ባለቤት ለሁረም በ1556 እ.ኤ.አ. የሠራው ሐማም የወንዶቹና የሴቶቹ ወገን ጨርሶ የተለያየ ነው። ነገር ግን በሴቶች መካከልም ቢሆን ዐውራ አለ። እያንዳንዷ በራሷ መጋረጃ ውስጥ ትገባለች፣ ሽርጥ ትታጠቃለች፤ ቅቤውንም እጇ የሚደርስበትን ራሷ ትቀባለች። በቡኻሪ እንደተዘገበው ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አንዲት ሴት የሌላዋን ሴት ገላ ለባሏ፣ ያያት እስኪመስለው ድረስ እንዳትገልጽ ከልክለዋል። ይህን ክልከላ የቤታችን የመጀመሪያ ደንብ አደረግነው። በክፍሉ ውስጥ የታየ ጠባሳ፣ የተሰማ የትዳር ብሶት ከክፍሉ አይወጣም።

ሁለተኛው ደንብ ስልክን ይመለከታል። ስልክ በር ላይ ባለው ቅርጫት ይቀራል። በዚህ ደንብ ምክንያት የደረሰብንን እንንገራችሁ። በጥር ወር፣ የሠርግ ጊዜ በደራበት ሰሞን፣ አንዲት ሙሽራ ከዘጠኝ ሚዜዎቿ ጋር መጣች። ሚዜዎቹ ሂና ስትቀባ፣ ቦለቅያ ስትገባ በስልክ እንቅረጻት አሉ። አይሆንም አልን። ለመኑ፣ ተቆጡ፣ በመጨረሻም ሁሉም ተነስተው ሄዱ። የአሥር ሰው ሒሳብ ማለት በዚያ ወራት ለእኛ የሳምንት ገቢ ነበር። የልጆቹ የትምህርት ቤት ወጪም ከዚያ ላይ የታሰበ ነበር። ያን ማታ በቤታችን ብዙ ዝምታ ነበር። የሄዱትም አልተመለሱም። በሳምንቱ ግን አንዲት የማናውቃቸው እናት ልጃቸውን አስከትለው መጡና ገና በሩ ላይ «ስልክ አታስገቡም የተባለው እውነት ነው?» ሲሉ ጠየቁን። ከዚያ ወዲህ የሚመጡት ሴቶች፣ ሙስሊሞችም ክርስቲያኖችም፣ ብዙዎቹ ይህንኑ ሰምተው የሚመጡ ናቸው።

ጭሱ ይገድላል

ስለ ጤና ያልተናገረ የቦለቅያ ጽሑፍ ሙሉ አይደለም። ፍም ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ጋዝ ያወጣል። ይህ ጋዝ አይታይም፣ አይሸትም። በደም ውስጥ ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ በበረታ ኃይል ይጣበቃል፤ ሰውነትም አየር ያጥረዋል። ብዙዎች ፍሙ ከቀላና ጢሱ ካለቀ አደጋው ያለፈ ይመስላቸዋል። ፍሙ ቢቀላም ጋዙ ይወጣል። ስለዚህ በክፍላችን ዝቅና ከፍ ብለው የተከፈቱ ሁለት መስኮቶች አሉ፤ ሰው እያለ በር አይዘጋም፣ መጋረጃ ብቻ ይወርዳል። የደንበኛዋ ራስ ምንጊዜም ከልብሱ ውጭ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣች ከአሥር ደቂቃ አታልፍም። ራስ ምታት፣ ማዞር ወይም ማቅለሽለሽ ከተሰማት ወዲያው ወደ ውጭ አየር ትወጣለች። ከእኛ አንዷ ሁልጊዜ አጠገቧ ትቀመጣለች።

ነፍሰ ጡርን አናስገባም፤ ጋዙም ሙቀቱም ለፅንሱ ያሰጋል። የደም ግፊትና የልብ ሕመም ያለባትንም ሐኪሟን ሳትጠይቅ አንቀበልም። አማቷ «እኔ ስድስት ስወልድ ሞቄያለሁ» እያሉ ይዘዋት የመጡ አንዲት ነፍሰ ጡር ነበረች። እናታችን በአክብሮት «እሜቴ፣ እርስዎን አላህ ጠበቀዎት፤ እርሷን ደግሞ እኛ እንጠብቃት» ብለው እግሯን በሞቀ ውኃ አጥበው፣ ፀጉሯን በአደስና በቅቤ ሠርተው ሸኟት።

ጥቁር ሂና የሚባለውንም አንቀባም። ንጹሕ ሂና ቀለሙ ቀይ ቡናማ ነው። ያጠቆረው ብዙ ጊዜ ፒፒዲ የሚባል የፀጉር ማቅለሚያ ኬሚካል ሲሆን ቆዳን ያቆስላል። ፊት የሚያነጣ ክሬም አምጡልን የሚሉም አሉ። ከእነዚህ ክሬሞች በአንዳንዶቹ ሜርኩሪ ይገኛል፤ ሜርኩሪ ኩላሊትን ይጎዳል። ትርፉ ብዙ እንደሆነ የሚያመጡት ነጋዴዎች ደጋግመው ነግረውናል። አላህ የሰጣትን መልክ የምታስጠላባትን ነገር ለእህታችን መሸጥ ከአደራው ጋር አይሄድም።

እንጨቱና ወቅቱ

እንጨቱን የሚያመጡልን ከዞብል ተራራ ግርጌ የሚወርዱ ሴቶች ናቸው። ግንዱ የተቆረጠ ወይባ ቶሎ አይተካም። ስለሆነም የምንገዛው የደረቀ ቅርንጫፍ ብቻ ሲሆን፣ በግቢያችንም ችግኝ ተክለን በእጣቢ ውኃ እናሳድጋለን። ቤታችን በተስፋፋ ቁጥር ዛፉ የሚያልቅ ከሆነ የልጅ ልጆቻችን ቦለቅያን በስሙ ብቻ ያውቁታል።

ገቢውም እንደ ማሽላው ወቅት አለው። አዝመራ ገብቶ ሠርግ ሲበዛ፣ በታኅሣሥና በጥር፣ እንዲሁም በዒድ ሰሞን ወረፋ አለ። በረመዷን ቀን ሥራ የለም፤ ላብ የሚያወጣ ነገር ለጾመኛ አይስማማምና ከኢፍጧር በኋላ ብቻ እንከፍታለን። በክረምት የገበሬው ኪስ ባዶ ነው፤ የእኛም እንዲሁ። ከ2015 ዓ.ም. ነሐሴ ወዲህ በክልላችን በተከሰተው ግጭት መንገድ የሚዘጋባቸው ቀናት ሲጨመሩ ደግሞ ከገጠር የሚመጣው ደንበኛ ይቀራል። በመጀመሪያዎቹ አራት ወራት ለሦስት የምንካፈለው ትርፍ አልነበረም። ከደህናው ወር ለክፉው ወር ማስቀረትን የተማርነው በዚያ ጊዜ ነው። በሁለተኛው ዓመት ልጅየዋ ከድርሻዋ አጠራቅማ ያገለገለ የስፌት ማሽን ገዛች። ዛሬ ደንበኛ በሌለበት ሰዓት የማሽኑ ድምፅ ከመጋረጃው ወዲያ ይሰማል፤ የቤቱን ሽርጦችም የሰፋችው እርሷ ናት።

እንግዲህ ይህን ሥራ የምታስብ እህት ካለች ምክራችን ይህ ነው። በአንድ ጉድጓድ ጀምሪ። ከመቆፈርሽ በፊት መስኮቱን አስተካክይ። ከቅርብ ዘመድም ጋር ቢሆን ውልሽን ጻፊ። የምትመልሻትን ደንበኛ ቀድመሽ ወስኚ፤ ገንዘቡ ፊትሽ ከተቀመጠ በኋላ መወሰን ይከብዳልና። ሪዝቅ ከአላህ (ሱ.ወ.) ነው፤ ሰበቡን ማሳመር ግን የእኛ ድርሻ ነው።

አላህ ሥራችንን ሐላል፣ ገቢያችንን በረካ ያድርግልን። አሚን።