ማሽኑን ከመግዛታችሁ በፊት ክፍሉን አስቡ

ቤታችሁ ውስጥ ካሉ ዕቃዎች ሁሉ ኤሌክትሪክ በብዛት የሚበላው የትኛው ነው? ፍሪጅ የሚል ይኖራል፤ ካውያ የሚልም አይጠፋም። በአብዛኞቻችን ቤት ግን መልሱ የእንጀራ ምጣድ ነው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት አካባቢ ይስባል። ይህን ቁጥር ያዙልኝ፤ ቆይተን እንፈልገዋለን።

እኔ በግቢያችን ሰርቪስ ቤት ውስጥ የሌዘር መቁረጫ ማሽን አለኝ። የሠርግ ጥሪ ካርድ፣ የእንጨት ስም ሰሌዳ፣ የኬክ ጌጥና የምርቃት ማስታወሻ እሠራበታለሁ። የተገዛው በዕቁብ ብር ነው። ይህን ሥራ ለመጀመር የሚያስቡ ሰዎች ብዙ ጊዜ ይደውሉልኛል። ሁሉም «ማሽኑ ስንት ነው?» ይላሉ። «ክፍሉ ስንት ፈጀብሽ?» ያለኝ እስከ ዛሬ የለም። ለእኔ ክፍሉ የማሽኑን ዋጋ ሲሶ ያህል ፈጅቷል፤ እንቅልፍ የሚሰጠኝም እሱ ነው።

ጉዳዩ የገንዘብ ብቻ አልነበረም። እናቴ ከእኛ ጋር ትኖራለች፤ አስም አለባት። የመኝታ ክፍሏ መስኮት ከሰርቪሱ በር አሥር እርምጃ አይሞላም። ባለቤቴ ዕቁቡ ሳይወጣልኝ ገና ቁርጡን ነገረኝ፦ «እማማ በዚህ ማሽን ምክንያት አንድ ቀን ቢታመሙ በማግስቱ ይሸጣል።» ተስማማሁ። ስለዚህ ከዚህ በታች የምነግራችሁ እያንዳንዱ ነገር የተሠራው በዚያ ውል ነው።

ከኤሌክትሪኩ እንጀምር። የእኔ ማሽን «ባለ 60 ዋት» ይባላል። 60 ዋት ግን ከመስታወቱ ቱቦ የሚወጣው የብርሃን ጉልበት ነው እንጂ ከግድግዳው የሚሳበው አይደለም። የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌዘር ከሚወስደው ኤሌክትሪክ ብርሃን የሚሆነው ከአሥር እጅ አንዱ ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ነው፤ የቀረው ሙቀት ሆኖ ይወጣል። በዚህ ላይ ውሃውን የሚያቀዘቅዘው ቺለር፣ ጭሱን የሚስበው ፋን፣ አየር የሚነፋው ፓምፕና ኮምፒውተሩ አሉ። ሁሉም አብረው ሲሠሩ የእኔ 1,600 ዋት ይደርሳል። በ220 ቮልት ስናሰላው ከ7 አምፒር ትንሽ ይበልጣል። ምጣዱ ብቻውን ወደ 16 አምፒር ይስባል።

ማሽኑ የምጣዱን ግማሽ እንኳ አይወስድም ማለት ነው። ችግሩ ሁለቱ ሲገናኙ ነው። ምጣድ ሲሰካ አምፖሉ ደብዘዝ ሲል አይታችሁ ታውቃላችሁ፤ የቤቱ ቮልቴጅ ወርዶ ነው። አምፖል ይችለዋል። ቺለሩ ውስጥ ያለው ኮምፕሬሰር ግን ሲነሳ ከተለመደው ብዙ እጥፍ አምፒር ስለሚፈልግ፣ ቮልቴጅ በወረደ ሰዓት ከተነሳ ይግላል፣ ዕድሜውም ያጥራል። እኛ ቤት ማክሰኞና ቅዳሜ ጠዋት ይጋገራል። በእነዚያ ሰዓታት ሌዘሩ አይነካም። ይህ መፍትሔ አንድ ብር አላስወጣኝም።

ቀጥሎ ለሰርቪሱ የራሱ መስመር ተዘረጋ። ከብሬከር ሳጥኑ ቀጥታ፣ ከማንም ጋር ሳይጋራ፣ በ4 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦና በ20 አምፒር ብሬከር። ኤሌክትሪሻኑ «እህቴ፣ 2.5 ይበቃ ነበር እኮ» አለኝ። ልክ ነው፣ ይበቃ ነበር። ግን ሽቦው ከሳጥኑ እስከ ሰርቪሱ 30 ሜትር ይጓዛል፤ ርቀት ቮልቴጅ ይበላል፤ ነገ ደግሞ ትልቅ ማሽን ላመጣ እችላለሁ። ግድግዳ ሁለት ጊዜ ከማስቆፈር አንድ ጊዜ ወፍራም ሽቦ ይሻላል።

ከሁሉም በላይ አደራ የምላችሁ የመሬት መስመሩን ነው፤ ኤሌክትሪሻኖች ግራውንድ የሚሉትን። የሌዘር ቱቦ የሚበራው ከአሥር ሺህ በላይ በሆነ ቮልት ነው። ያ ኃይል ከመስመሩ ቢወጣ የሚሄድበት መንገድ ያስፈልገዋል፤ መንገድ ካላዘጋጃችሁለት መንገዱ የእናንተ እጅ ሊሆን ይችላል። ሶኬቱ ላይ የግራውንድ ብረት ስላያችሁ ብቻ ከጀርባው ሽቦ አለ ማለት አይደለም፤ አስከፍታችሁ እዩ። እኛ ጓሮ የመዳብ ዘንግ ተቀበረ። የተቀበረውም ሁልጊዜ እርጥበት ካለበት ከአትክልቱ አጠገብ ነው፤ ምክንያቱም በበጋ የደረቀ አፈር ኤሌክትሪክ በደንብ አያሳልፍም። በተጨማሪም ኤሌክትሪክ ወደ ሰው ሲያፈስ በቅጽበት የሚቆርጥ ባለ 30 ሚሊ አምፒር ብሬከር አስገባን። ልጆች ላለበት ግቢ ይህ ቅንጦት አይደለም።

መብራት መሄዱ አይቀርም። መብራት ሲሄድ ሌዘሩም አብሮ ስለሚቆም ቱቦው አይጎዳም፤ የሚጎዳው ሲመለስ ነው። ስለዚህ ሕጋችን አጭር ነው፦ መብራት ሲሄድ ዋናው ማጥፊያ ይጠፋል፤ ሲመለስ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ አይበራም። በመሀል ስታቢላይዘር አለ። ዩፒኤስ የገዛሁት ለኮምፒውተሩ ብቻ ነው። ሌላም ነገር ልብ በሉ፦ መብራት ሲሄድ የጭሱ ፋን ይቆማል፤ የተቆረጠው እንጨት ግን ገና እየጨሰ ሊሆን ይችላል። ክዳኑን ከፍታችሁ ፍም አለመኖሩን ሳታዩ ከክፍሉ አትውጡ።

ጄኔሬተር ለምታስቡ ደግሞ አንድ ነገር ላክል። አዲስ አበባ አብዛኛው ክፍሏ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። አየሯ ከባሕር ዳር ከተሞች አየር አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ የቤንዚን ሞተርም በሳሳ አየር ጉልበቱ በዚያው ልክ ይቀንሳል። ካርቶኑ ላይ 5 ኪሎ ቮልት አምፒር ተጽፎ፣ እዚህ ወደ 4 ቢወርድ አይግረማችሁ። ጄኔሬተር ደግሞ ውጭ እንጂ በረንዳ ላይ እንኳ አይቀመጥም። የከሰል ጭስ በተዘጋ ቤት ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ፤ የጄኔሬተር ጭስም ያንኑ መርዝ ይዟል።

ወደ ሙቀቱ እንሂድ። ቱቦውን የሚያቀዘቅዘው ውሃ ከ15 እስከ 25 ዲግሪ ቢሆን ይመረጣል። የእኛ ሰርቪስ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ መጋቢት ላይ ከሰዓት ምድጃ፣ ኅዳር ላይ ሌሊት ማቀዝቀዣ ይሆናል። ርካሹ ቺለር ራዲያተርና ፋን ብቻ ስለሆነ ውሃውን ከክፍሉ ሙቀት በታች ሊያወርደው አይችልም። ክፍሉ 30 ዲግሪ ከሆነ ውሃውም 30 ነው። ስለዚህ ባለ ኮምፕሬሰሩን ገዛሁ፤ 20 ዲግሪ ላይ አስሬዋለሁ። «ይበልጥ ይቀዝቅዝ» ብላችሁ አታውርዱት። በክረምት እርጥብ አየር በጣም የቀዘቀዘ ቱቦ እንደ ቀዝቃዛ የለስላሳ ጠርሙስ ያልበዋል፤ ላብና ከፍተኛ ቮልት ደግሞ አብረው አይኖሩም። በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ ደግሞ ውሃው 15 ሳይደርስ ሥራ አልጀምርም፤ ብዙ ቀን ከጠዋቱ 3 ሰዓት ያልፋል። የምጠቀመው ዲስቲልድ ውሃ ነው፤ የቧንቧ ውሃ ኤሌክትሪክ ያሳልፋል፣ ዝቃጭም ይፈጥራል።

ክፍሉን ራሱን በሂተር ለማሞቅ አልሞከርኩም፤ የጭሱ ፋን የሞቀውን አየር ጠርጎ ያወጣዋል። ከዚያ ይልቅ ኮርኒስ አስመታሁ፤ በኮርኒሱና በቆርቆሮው መሀል እሳት የማይይዝ የፋይበር ግላስ ምንጣፍ ተነጠፈ። ቀኑም ሌሊቱም ለዘብ አለ። ኮምፔንሳቶና ኤምዲኤፍ በክረምት እርጥበት ጠጥተው ስለሚጎብጡ፣ ከወለሉ ከፍ ባለ መደርደሪያ ላይ አስተኝቼ አስቀምጣቸዋለሁ።

አሁን ወደ እናቴ ጉዳይ። ጭስ ማውጣት ማለት ፋን መግጠም ብቻ አይደለም። ፋኑ ከማሽኑ አጠገብ ከሆነ ቱቦውን ከውስጥ ይገፋዋል፤ በትንሿ ቀዳዳ ጭስ ወደ ክፍሉ ይተፋል። እኛ ፋኑን ከመስመሩ መጨረሻ፣ ከግድግዳው ውጭ ሰቀልነው፤ ቱቦው ቀዳዳ ቢኖረው እንኳ አየር ወደ ውስጥ ይስባል እንጂ ጭስ አያወጣም። ቱቦው አጭር ነው፤ አንድ ጊዜ ብቻ ይታጠፋል። አፉ ከጣሪያው በላይ ወጥቶ፣ ከእማዬ መስኮትና ከጎረቤት የልብስ ማስጫ ፊቱን አዙሯል። ጎረቤቴን አስቀድሜ ቡና ጠርቼ፣ ቦታውን አሳይቼ አማክሬያቸዋለሁ። በሩ ሥር ደግሞ የአየር መግቢያ አስከፈትኩ፤ አየር የማይገባበት ክፍል አየር ሊወጣለትም አይችልም።

የማይቆረጥም ነገር አለ። ፒቪሲ ያለበት ነገር ሁሉ፣ ብዙውን ሰው ሠራሽ ቆዳ ጨምሮ፣ ሲቃጠል የሃይድሮጅን ክሎራይድ ጋዝ ይወጣዋል፤ ሳንባንም ማሽኑንም ይበላል። ደንበኛ ከምን እንደተሠራ የማያውቀውን ቦርሳ ይዞ ሲመጣ በትሕትና እመልሰዋለሁ። ማሽኑ እየሠራ ትቼው አልወጣም፤ ስልክ ቢጠራም፣ እንግዳ ቢመጣም። ከበሩ አጠገብ የካርቦን ዳይኦክሳይድ እሳት ማጥፊያ ተሰቅሏል። ልጆቼ በክዳኑ በኩል ቆመው ያያሉ፤ ክዳኑ ሲከፈት ሌዘሩን የሚያጠፋው ማብሪያ ግን በየሳምንቱ ይፈተሻል።

ባለፈው ክረምት ሐምሌና ነሐሴን ሙሉ ትእዛዝ ነበረኝ። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ለሦስት ሰዓት ያህል እንጨት ስቆርጥ ቆይቼ ስወጣ፣ እማዬ በረንዳ ላይ ጋቢዋን ደርባ ተቀምጣለች። «ልጄ፣ ዛሬ ሥራ የለሽም እንዴ?» አለችኝ። ባለቤቴ ሰምቶ ሳቀ፤ ስለ መሸጥም ከዚያ ወዲህ አላነሳም።

ስለዚህ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ወደ ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ከሰዓት ብቻ ስጡት። የብሬከር ሳጥናችሁን ክፈቱና ምጣዱ በየትኛው መስመር እንዳለ እወቁ። ግራውንዱን በባለሙያ አስለኩ። ከዚያ ግቢያችሁ መሀል ቆማችሁ ነፋሱ ወዴት እንደሚነፍስ፣ ከነፋሱም ሥር ማን እንደሚተኛ ተመልከቱ። የማሽኑን ዋጋ ከዚያ በኋላ ጠይቁ።