ብድር በምድር

ሜዳሊያ ድምፅ አለው። ይህን ያወቅሁት ከጥቂት ዓመታት በፊት አራት ኪሎ ታክሲ ስጠብቅ ነው። ከጎኔ የቆሙት አዛውንት በተነቃነቁ ቁጥር ደረታቸው ቅጭል ይላል። ኮቱ ሰፍቷቸዋል፤ ወይም እሳቸው ኮቱ ውስጥ እያነሱ ሄደዋል። ሜዳሊያዎቹ ግን ተወልውለው ያብረቀርቃሉ።

«አባባ፣ ዛሬ በዓል አለ እንዴ?»

«አፍንጮ በር ስብሰባ ነበረን፤ የኮሪያ ዘማቾች።»

ቃኘው ናቸው። ቃኘው መቼም የራስ መኮንን ፈረስ ስም ነው፤ ልጃቸው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ ለላኩት ጦር አወጡለት። ከ6 ሺህ በላይ ሰው በየተራ ዘመተ፤ ከ120 በላይ እዚያው ወደቀ። «አንድ ሰው አላስማረክንም» አሉኝ፣ ሳልጠይቃቸው። ሁሉም ሳይጠየቁ የሚናገሯት ነገር ናት።

ታክሲ ውስጥ ሒሳብ ሲሉን የመነጽር ማስቀመጫ አወጡ። ክዳኑ ላይ የኮሪያ ፊደል አለ፤ ውስጡ ግን መታወቂያና ሳንቲም ብቻ።

«መነጽሩስ?»

«ዐይኔ ላይ ነዋ!»

የለኩላቸው ከኮሪያ የመጡ ሐኪሞች ናቸው። ለልጅ ልጃቸውም የትምህርት ቤት ክፍያ ከዚያው ይከፈልላቸዋል። «ጥሩ ርዳታ ነው» ብል ፊታቸው ተለወጠ።

«ርዳታ አይደለም ልጄ፤ ብድር ነው።»

እውነታቸውን ነው። ዶንግዱቾን በምትባል ከተማ የቃኘው ወታደሮች ከደመወዛቸው እያዋጡ ወላጅ አልባ ሕፃናትን አሳድገዋል። ከቤቱ አርቆ የዘመተ ወታደር፣ በማያውቀው ብርድ ውስጥ፣ ደመወዙን ቆርሶ ለሰው ልጅ ወተት! ኮሪያውያኑ ይህን አልረሱም። ቹንቾን ላይ ሐውልት አቁመዋል፤ በ1960 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ሄደው አይተውታል። አጠገቡ በኢትዮጵያ ስም የተከፈተ ቡና ቤትም አለ። ውለታን በቡና ማስታወስ ደግሞ ከእኛ ጋር የሚያስማማ ነው።

እዚህ ግን ሌላ ነበር። ኮሚኒስት ተዋግተው የተመለሱት ሰዎች፣ ከዓመታት በኋላ ኮሚኒስት መንግሥት ቤታቸው ድረስ መጣባቸው። አዛውንቱ በዚያ ዘመን ሜዳሊያውን እህል ጎተራ ውስጥ እንደቀበሩት ነገሩኝ።

አብረን ወረድን። አንድ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ አንድ እግሩን ያጣ ሰው ክራንቹን ታቅፎ ተቀምጧል፤ የለበሰው ጃኬት የወታደር ነው፣ ቀለሙ የለቀቀ። በ1983 ከተበተነው ጦር ይሆናል ብዬ ገመትኩ። እሱ የተዋጋበት አገር ሐኪም አይልክለትም፤ የተዋጋው እዚሁ ነው።

አዛውንቱ ቆሙ። የመነጽር ማስቀመጫቸውን ከመክፈታቸው በፊት እጃቸውን ወደ ግንባራቸው አነሡና ሰላምታ ሰጡት።

«የት ነበርክ?»

«ናቅፋ፣ ጌታዬ» አለ፤ ክራንቹን ተደግፎ ሊነሣ እየሞከረ።

«አትነሣ፣ አትነሣ» አሉና አጠገቡ ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ። ሜዳሊያዎቹ ቅጭል አሉ።