ለጭፈራ የት እንሂድ ላላችሁኝ

መስከረም ሲጠባ ከመካነ ኢየሱስ ወደ አዲስ አበባ ለትምህርትም ለሥራም የምትወጡ ልጆች ልትሰናበቱኝ ትመጣላችሁ። መካነ ኢየሱስ ስል በ1951 ዓ.ም. የተመሠረተችውን ቤተ ክርስቲያን ማለቴ አይደለም፤ እስቴ ያለችውን ከተማችንን ነው። (በሄድኩበት ሁሉ ይህን ማብራራት ለምጄዋለሁ፤ እናንተም ትለምዱታላችሁ።) የስንብት ጥያቄዎች ዱሮ የታወቁ ነበሩ። ዶርም እንዴት ነው፣ ለሰፈሩ የሚቀርበው ኅብረት የቱ ነው፣ የቤት ኪራይ ስንት ደረሰ። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን አንድ ጥያቄ ተጨምሯል፤ ሌሎቹ ራቅ ካሉ በኋላ፣ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ የሚጠየቅ። «መምህር፣ ቴክኖ የሚጫወቱበት ጥሩ ቤት የት ነው?»

ለዚህ ጥያቄ ሁለት ቀላል መልሶች አሉ። አንደኛው «እንዲህ ያለ ነገር አፍህ ላይ አይግባ» የሚለው ነው። ሁለተኛው ደግሞ «ልጅነት ነው፣ ያልፋል» ብሎ መሳቅ። ሁለቱም ለመላሹ ይመቻሉ። ጠያቂውን ግን ከሌሊቱ 8 ሰዓት ቦሌ መንገድ ላይ ብቻውን ያቆሙታል። የሚሄደው ልጅ እኛ ስለተቆጣን አይቀርም፤ የሚቀረው ለእኛ መንገሩ ነው። ስለዚህ ጥያቄውን እንደ ጥያቄ ወስጄ ልመልሰው።

መጀመሪያ ነገሩ ምን እንደሆነ እንወቅ። እኛ ዘንድ ድም ድም የሚል የክለብ ሙዚቃ ሁሉ «ቴክኖ» ይባላል። የስሙ ባለቤት ግን የታወቀ አገር አለው። የተወለደው በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ፣ ዲትሮይት ውስጥ ነው። ዲትሮይት የመኪና ፋብሪካዎች ከተማ ነበረች፤ ፋብሪካዎቹ እየተዘጉ፣ ሰው እየለቀቀ የሄደባት። ጁዋን አትኪንስ፣ ዴሪክ ሜይ እና ኬቪን ሳንደርሰን የሚባሉ ሦስት ጥቁር ወጣቶች ከከተማዋ ወጣ ባለች ቤልቪል በምትባል ቦታ በትምህርት ቤት ተዋወቁ። ከዚያም ሮላንድ የተባለው የጃፓን ኩባንያ የሠራቸውን የከበሮ ማሽኖች ይዘው ይህን ሙዚቃ ፈጠሩ። ከማሽኖቹ አንዱ በ1980 የወጣው 808 ነው። ገበያ ላይ ብዙም አልተሳካለትም ነበር፤ በዚያው ምክንያት ያገለገለው በርካሽ ይገኝ ስለነበር ገንዘብ የሌላቸው ልጆች እጅ ገባ። ከዲትሮይት ወደ በርሊን ተሻገረ። በ1989 የበርሊን ግንብ ሲፈርስ በምሥራቁ በኩል ባለቤት የሌላቸው ሕንፃዎች በዝተው ነበር። ትሬዞር የሚባለው ክለብ በ1991 የተከፈተው በአንድ የጥንት ትልቅ መደብር የገንዘብ ማስቀመጫ ምድር ቤት ውስጥ ነው። በርግሃይን የሚባለው ስመ ጥር ቤት ደግሞ የቀድሞ የኃይል ማመንጫ ነበር። በ2024 ጀርመን የበርሊንን የቴክኖ ባህል በማይዳሰሱ ቅርሶቿ ብሔራዊ ዝርዝር ውስጥ አስገባችው። እንግዲህ ሥራ ያጡ የፋብሪካ ሠፈሮችና የፈረሱ ግድግዳዎች ልጅ ነው። «የሰነፍ ጫጫታ» የሚሉትን አንዳንድ ታላላቆቼን በዚህ አልስማማቸውም።

ደግሞ እኛው ራሳችን ከማሽኑ ያን ያህል ሩቅ አይደለንም። እሑድ ጠዋት ወንድማችን ኪቦርዱን ከፍቶ ሪትም ሲመርጥ ያ ከውስጥ የሚወጣው ከበሮ የእነዚሁ ማሽኖች የቅርብ ዘመድ ነው።

ድግግሞሹንስ ከየት እናውቀዋለን? እስቴ ውስጥ ሰርግ ቤት ያደረ ሰው ይመስክር። አንድ አዝማች ሠላሳ ጊዜ ይመለሳል፤ ከበሮው አይለወጥም። አሥረኛው ላይ ይሰለቻል፣ ሃያኛው ላይ መሰልቸቱ ይጠፋል፣ ከዚያ በኋላ እግር ራሱ ያውቃል። ቴክኖ በደቂቃ ከ120 እስከ 150 ምት እየመታ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ይህን ቀድመው ያስተዋሉ የእኛው ልጆች አሉ። ሚካኤል ሰይፉ እና እንደገና ሙሉ የመሲንቆን፣ የክራርንና የዜማን ድምፅ ከኮምፒውተር ምት ጋር እያገናኙ የሠሩትን «ኢትዮጵያዊ ኤሌክትሮኒክ» ብለው ጠሩት። የሚካኤል «ዘላለም» በ2016 (እ.ኤ.አ.) ወጥቶ ከአገር ውጭ ብዙ ተጽፎለታል። ሮፍናን ደግሞ በ2010 ዓ.ም. «ነጸብራቅ»ን ሲያወጣ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃን ሚኒባስ ታክሲ ውስጥ ድረስ አስገባው። በጆሮ ማዳመጫ ለሚሰማ ሰው እነዚህ ብቻ ለወራት ይበቃሉ።

ወደ ጥያቄያችሁ ልግባ። አዲስ አበባ ውስጥ ቤት አትምረጡ፤ ሌሊቱን ምረጡ። በቦሌና በዙሪያው ያሉት አብዛኞቹ ክለቦች በአንድ ሌሊት አማርኛውን፣ ኦሮምኛውን፣ አፍሮቢቱንና አማፒያኖውን ያቀላቅላሉ። ስሙ የገነነ ቤት ስለገባችሁ ቴክኖ አትሰሙም። መጠየቅ ያለበት ዛሬ ማን ነው የሚያጫውተው፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት ነው የሚለው ነው። የዲጄውን ሥራ አስቀድማችሁ ቤታችሁ ስሙት። አሥር ደቂቃ ቤት ውስጥ ያላስደሰታችሁ ሰው አምስት ሰዓት ጨለማ ውስጥ አያስደስታችሁም። በዐቢይ ጾም የከተማው ምሽት ይቀዘቅዛል፤ ለፋሲካ እንደገና ይሞቃል። ስለዚህ ከገጠር እንግዳ መጥቶባችሁ በጾም ወቅት «ከተማው ሞቷል» ቢላችሁ አትገረሙ።

ስለ ጆሮ አንድ ነገር ልበል፤ ይህን ማንም አይነግራችሁምና። የዶርም ጓደኛዬ የነበረ አንድ ልጅ የድምፅ መሣሪያ ባለሙያ ሆኖ ለዓመታት በምሽት ቤቶች ሠርቷል። አሁን በግራ ጆሮው ሌሊት ሌሊት ፉጨት ይሰማዋል፤ ሰው በሌለበት ዝም ባለ ክፍል ውስጥ መተኛት አይችልም፣ ሬዲዮ ከፍቶ ነው የሚተኛው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ12 እስከ 35 ዓመት ካሉት ከአንድ ቢሊዮን በላይ ሰዎች በጆሮ ማዳመጫና በጭፈራ ቤት ጩኸት የመስማት ችሎታቸው አደጋ ላይ እንደሆነ ይናገራል። በ2022 ባወጣው መመሪያም እንዲህ ያሉ ቤቶች አማካይ ድምፃቸው ከ100 ዴሲቤል እንዳይበልጥ፣ ጸጥ ያለ ማረፊያ ክፍልም እንዲኖራቸው ጠይቋል። እናንተ ዴሲቤል መለኪያ የላችሁም። ግን አጠገባችሁ ያለው ሰው ሲጮህ ካልሰማችሁት ከስፒከሩ ራቁ። በየመሐሉ ውጡ። የጆሮ መድፈኛ ኪስ ውስጥ ቦታ አይይዝም።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን የምጠይቀው ሌላ ነው፤ በምን ትመለሳላችሁ? ከእኛው መካከል የወጣች አንዲት ልጅ አለች፤ ያለ ስም ልተዋት። ከሦስት ጓደኞቿ ጋር ሄደች። እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ አንዷ ራሷን አመማት፣ ሁለቱ ይዘዋት ሄዱ። እሷ መጸዳጃ ቤት ነበረችና አላዩዋትም። የስልኳ ባትሪ አልቋል። ራይድ መጥራት አትችልም፣ የማንንም ቁጥር በቃሏ አታውቅም። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ የተዘጋ ፋርማሲ ደጃፍ ቆማ፣ ነጠላዋን ተከናንባ፣ የመጀመሪያው ሚኒባስ እስኪመጣ ድረስ ሁለት ሰዓት ያህል ጠበቀች። በዚህ መሐል መኪና ያቆሙላት ሰዎች ቁጥር አምስት ነበር። ምንም አልደረሰባትም። እየሳቀች ነው የነገረችኝ። እናቷ እስከ ዛሬ አያውቁም። እኔ ግን ያን ደጃፍ ሳልፈልግ ደጋግሜ አስበዋለሁ። ከእሷ ጋር ተቀምጠን ያወጣነው ደንብ ይህ ነው፤ የመመለሻው ብር ከሌላው ብር ተለይቶ ይቀመጥ፣ ሁለት ስልክ ቁጥር በቃል ይጠና፣ አብሮ የገባ አብሮ ይውጣ፣ መጸዳጃ ቤትም ሁለት ሁለት ሆኖ ይኬድ። አራተኛውን የጨመረችው እሷ ናት፤ ከመውጣት በፊት አንድ የማይሄድ ሰው የት እንዳላችሁ ይወቅ። ያ ሰው እኔ ብሆን ግድ የለኝም። በሌሊት የሚደወልልኝ ስልክ አያስቆጣኝም፤ ባለቤቴም ለምዳዋለች።

እህቶቼ፣ አንድ ለእናንተ ብቻ። በሩ ላይ «ለሴቶች መግቢያ ነፃ» የሚል ስታዩ እንደ አክብሮት አትቁጠሩት። ነጋዴ በነፃ የሚያስገባው ዕቃውን ነው፤ ዋጋው ከሌላው ኪስ ይወጣል። የከፈለው ሰው ደግሞ ምን እንደገዛ በራሱ መንገድ ያስባል። የሁላችሁንም መግቢያ እኩል የሚያስከፍል ቤት ካገኛችሁ እዚያ ሂዱ፤ ሙዚቃውን እየሸጠ የመሆኑ ምልክት ነው። መጠጥን በተመለከተ የ2011 ዓ.ም. የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥን ከልክሏል። መታወቂያ የማይጠይቅ በረኛ ሌላም ነገር አይጠይቅም ማለት ነው። ውኃም ቢሆን ስትጨፍሩ ጠረጴዛ ላይ ትታችሁት የሄዳችሁትን አትጠጡ። ሌላ ግዙ።

አሁን ወደ ልቡ እንምጣ። ባለፈው ዓመት የጠየቀኝን ልጅ «ለምንድን ነው የምትፈልገው?» አልኩት። ስለ ሙዚቃው ያወራኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። «እዚያ የማን ልጅ እንደሆንኩ ማንም አይጠይቀኝም» አለኝ። መካነ ኢየሱስ ውስጥ ከገበያ እስከ መናኸሪያ ስትሄዱ ስንት ሰው «የእገሌ ልጅ አይደለህ?» ይላችኋል? እኛ ደግሞ ጥቂት አማኞች በመሆናችን ከሁለት ወገን ነው የምንታየው፤ ጎረቤት ያየናል፣ ጉባኤውም ያየናል። ለዓመታት በዚህ ላይ ሰዓት እላፊውና በጊዜ ቤት መግባቱ ተደርቦበታል። እንዲህ ያደገ ልጅ ማንም የማያየው ጨለማ ቢናፍቅ አይፈረድበትም። በርግሃይን የሚገቡ ሰዎች የስልካቸው ካሜራ ላይ ተለጣፊ ይደረግባቸዋል፤ ማንም ማንንም እንዳይቀርፅ። አዲስ አበባ ግን ያን አትጠብቁ፤ የምትናፍቁት ጨለማ ውስጥ ሃያ ስልክ ተዘርግቶ ይጠብቃችኋል፣ ጠዋት ቲክቶክ ላይ አክስታችሁ ታያችኋለች። ይህን ለልጁ ነግሬው ተሳሳቅን። ከዚያ ግን እንዲህ አልኩት፤ ማንም ያማያይህ ቦታ ስትወድቅም ማንም አያይህም። እሱም ዝም አለ፣ እኔም ዝም አልኩ።

ከዚህ በኋላ ለእሱ የመረጥኩለት የምሽት ቤት ያላሰበው ነበር፤ አዝማሪ ቤት። ስቆ ነበር፤ «ከጎንደር ሸሽቼ ወደ ጎንደር?» ብሎ። ልክ ነው፤ መሲንቆው ከእኛ አገር ነው ወደ አዲስ አበባ የሄደው። በደርግ ዘመን ሰዓት እላፊው የከተማውን ሌሊት ዘግቶት ኖረ። በ1983 ዓ.ም. ሌሊቱ ሲከፈት አዝማሪ ቤቶች ካዛንቺስን ሞሉት። እኔ ተማሪ ሳለሁ መላኩ በላይ የሚመራው ፈንድቃ እዚያው ነበር፤ ሁለት ጊዜ ገብቻለሁ። ከእስቴ ተነሥቼ እዚያ ድረስ ሄጄ መሲንቆ ለመስማት መክፈሌ ያኔም አስቆኛል። ካዛንቺስ በኮሪደር ልማት ሲፈርስ ፈንድቃም ከዚያ ተነሥቷል። አዝማሪው ግን እንደ ሕንፃ አይፈርስም፤ መሲንቆውን አንጠልጥሎ ሌላ ቤት ይገባል።

ወደዚያ የላክሁት ለባህል ተቆርቋሪነት አይደለም። አዝማሪ ቤት መብራቱ አይጠፋም። አዝማሪው ከተቀመጥክበት መጥቶ ዐይንህን እያየ ከየት እንደመጣህ ይጠይቅሃል፤ መልስህን ወዲያው ግጥም ያደርገዋል። አንተም «ተቀበል!» ብለህ ትመልስለታለህ። ሰምና ወርቁ ያልገባው ሰው ሲስቅ ትስቅበታለህ። እኔን «ከመካነ ኢየሱስ» ስለው የትኛዋ ብሎ አልጠየቀኝም፤ ስለ ጉና ብርድ ገጠመልኝና ቤቱ ሁሉ ዞሮ አየኝ። አየኝ እንጂ አልመዘነኝም። ልጁ ይፈልገው የነበረው ይህን ይመስለኛል፤ መታየትን ሳይሆን መመዘንን ነበር የሸሸው።

ሄደ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ስልክ ደወለልኝ። አዝማሪዋ ስለ ጫማው ገጥማበት ቤቱን እንዳሳቀችበት ነገረኝ። ቴክኖውንም አልተወውም፤ አንድ ቅዳሜ ከሦስት ጓደኞቹ ጋር ሄዷል፣ ስፒከሩ ራቅ ብሎ ቆሟል፣ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ አራቱም ተያይዘው ወጥተዋል። «እንዴት ነበር?» ስለው «ጥሩ ነበር፤ ግን ትንሽ ይረዝማል» አለኝ።

አዝማሪ ቤት የምትሄዱ ከምሽቱ 3 ሰዓት በፊት ድረሱ፤ ከመጫወቻው ፊት ያሉት በርጩማዎች ቶሎ ይያዛሉ። ለሽልማት ዝርዝር ብር ያዙ። ለስላሳ ብቻ ብታዙ ማንም አይከፋም። የመመለሻውን ብር ግን ለአዝማሪው አትስጡት፤ ምንም ያህል ቢያወድሳችሁ።