የሶፋ ላይ ዳኞች



በምንኖርበት በስዊድን፣ በግንቦት ወር በአንድ ቅዳሜ ምሽት ብዙ ሰው ከቴሌቪዥን ፊት አይነሳም። የዩሮቪዥን የዘፈን ውድድር የሚተላለፍበት ምሽት ነው። ሰኞ ዕለት በሥራ ቦታም በትምህርት ቤትም ወሬው እሱ ነው። ልጆቻችን እዚሁ ተወልደው ያደጉ ስለሆኑ እኛም ቤት ቡና ይፈላል፣ ፈንዲሻ ይቀርባል፣ ወረቀትና እስክሪብቶ ይታደላል። ከትንሿ ልጅ ጀምሮ ሁላችንም ዳኞች ነን።

«ፓስተር፣ እናንተም ዘፈን ታያላችሁ?» የሚሉን ወንድሞች አሉ። ጥያቄያቸውን አንንቅም። በዚያ መድረክ ላይ የሚቀርበው ሁሉ ለአማኝ ቤት የሚሆን አይደለም፤ የምናልፈው አለ፣ የምናጠፋውም አለ፤ ለምን እንዳጠፋነውም ከልጆቻችን ጋር እንነጋገራለን። ዛሬ ልናነሳ የወደድነው ግን ሌላ ነገር ነው፤ ሰው በሰው ላይ ነጥብ መስጠት ሲለምድ ልቡ ምን ይሆናል የሚለውን።

በውድድሩ ሕግ አንድ ዘፈን ከሦስት ደቂቃ መብለጥ የለበትም። ለዚያች ሦስት ደቂቃ ዘፋኙ ወራት ደክሟል፤ በሚሊዮን በሚቆጠር ሕዝብ ፊትም በገዛ ድምፁ በቀጥታ መዝፈን አለበት። ሶፋ ላይ ያለው ዳኛ ግን ግማሽ ደቂቃ አይፈጅበትም። «ድምፁ ከዳው»፣ «ይቺ ደግሞ ምን ለብሳ ነው የወጣችው?»፣ «ይህን ዘፈን አምናም ሰምተነዋል» ይላል፤ አንድ እፍኝ ፈንዲሻም ያነሳል። ከመካከላችን ኖታ የሚያነብ የለም። ፍርድ ግን ሞልቶ ተርፏል።

የሚገርመው፣ ውድድሩ ራሱ ከሶፋው ይልቅ ጥንቃቄ ያደርጋል። ከየአገሩ የተመረጡ የሙዚቃ ባለሙያዎች የሚፈርዱት በዋዜማው ምሽት በሚደረገው ሙሉ ልምምድ ላይ ነው፤ የተመልካቹ ድምፅ ደግሞ ለብቻው ይቆጠራል። ከሕጎቹ ሁሉ ያስተማረን ግን አንዱ ነው፤ ማንም አገር ለራሱ ነጥብ መስጠት አይችልም። ስዊድን ትልቁን 12 ነጥብ ለኖርዌይም ለጣሊያንም ልትሰጥ ትችላለች፤ ለስዊድን ግን አንዲት ነጥብ መስጠት አይፈቀድላትም። ይህ ሕግ ጠቢቡ በምሳሌ 27 ላይ ሰው የራሱን ምስጋና ለሌላ አፍ እንዲተው ከመከረው ጋር ይስማማል። በሰው ልብ ውስጥ በሚካሄደው ውድድር ግን ይህ ሕግ አይሠራም። እዚያ 12ቱ ነጥብ ከቤት አይወጣም፤ ለሌላው የሚተርፈው ፍርፋሪው ነው። አባቶቻችን «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» ያሉት ለዚህ ነው።

ጥንቃቄ የተሞላበት ፍርድ እንኳ እርስ በርሱ አይገጥምም። በ2023 ሊቨርፑል ላይ ባለሙያዎቹ ለስዊድኗ ሎሪን 340 ነጥብ፣ ለፊንላንዱ ተወዳዳሪ 150 ሰጡ። ሕዝቡ ገለበጠው፤ ለፊንላንዱ 376፣ ለሎሪን 243። በድምሩ ስዊድን በ583 ለ526 አሸነፈች። በ1974 ብራይተን ላይ «አባ» የተባለው የስዊድን ቡድን አሸንፎ ዝናው ዓለምን ሲያዳርስ፣ የአስተናጋጇ የብሪታንያ ዳኞች አንድ ነጥብ እንኳ አልሰጡትም ነበር። በ1978 ፓሪስ ላይ ደግሞ የኖርዌዩ ያን ታይገን ዜሮ ይዞ ተመለሰ። ዘፈኑ ግን በአገሩ ተወደደ፤ በ1982 እና በ1983 እንደገና ኖርዌይን ወክሎ በዚያው ውድድር ቀርቧል። ነቢዩ ሳሙኤል እንኳ በእሴይ ቤት የመጀመሪያውን ልጅ ቁመና አይቶ ዘይቱን ሊያፈስ ሲል ያስቆመው ጌታ ነው። ነቢይ ከተሳሳተ፣ ሶፋ ላይ የተቀመጠ ሰው ምን ያህል ይጠንቀቅ?

በ2021 እኛ ቤት አንድ ነገር ሆነ። ወላጆቿ ከኢትዮጵያ የሄዱ፣ ኢየሩሳሌም የተወለደች ኤደን አለነ የምትባል ወጣት እስራኤልን ወክላ ሮተርዳም መድረክ ላይ ወጣች። በዚህ ውድድር እስራኤልን የወከለች የመጀመሪያዋ ትውልደ ኢትዮጵያዊት ናት። በ2020 አማርኛ የተቀላቀለበት «ፍቅር ልቤ» የተሰኘ ዘፈን ይዛ ልትቀርብ ስትዘጋጅ ውድድሩ በኮሮና ምክንያት ተሰርዞባት ነበር።

ያን ምሽት እስክሪብቶ ያነሳ አልነበረም። ሁሉን ነገር ወደድንላት ማለታችን አይደለም። ነገር ግን «ድምፅዋ እንዳይሰበር» እያልን ትንፋሻችንን ይዘን አዳመጥን። የልጆቹ እናት እጇን አፏ ላይ አድርጋ «አይዞሽ ልጄ» ትል ነበር፤ ልጅቷን በአካል አይታት አታውቅም። ሦስቱ ደቂቃ ሲያልቅ ሁላችንም «እፎይ» አልን። በሰንጠረዡ 93 ነጥብ አግኝታ 17ኛ ወጣች። በትንሿ ልጃችን ወረቀት ላይ ግን በስሟ አጠገብ ቁጥር አልነበረም፤ በስዊድንኛ «የእኛ» የሚል ቃል ብቻ ነበር።

ጆሮው ያው ነው፣ ቴሌቪዥኑም ያው ነው። የተለየው ዝምድናው ነው። የሌላ ሰው ልጅ ስትቆም ስህተቷን እንጠብቃለን፤ የራሳችን ልጅ ስትቆም ስህተት እንዳይገጥማት እንጸልያለን።

ይህን የምንጽፈው ከቅዳሜ ማግስት እሑድ ስላለ ነው። ጉባኤያችን ከሰዓት በኋላ በኪራይ አዳራሽ ይሰበሰባል። መዘምራኑ ሥራ ሲሠሩ የሚሰነብቱ ሰዎች ናቸው፤ አውቶቡስ የሚነዳ አለ፣ ሆቴል የምታጸዳ አለች። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት እህት ከአረጋውያን መንከባከቢያ የሌሊት ተራዋን ጨርሳ፣ ጥቂት ሰዓት ብቻ ተኝታ መጥታ ብቻዋን ዘመረች። ዜማው ከፍ የሚልበት ቦታ ላይ ድምፅዋ ተሰነጠቀ። ከአምልኮ በኋላ ቡና ላይ አንድ ሰው እየሳቀ «ዛሬስ ስንት ነጥብ እንስጥሽ?» አላት። እሱ ቀልድ መስሎት ነበር። እህታችን ግን ለስምንት ወር ከመዘምራን ጋር አልቆመችም። ስንጠይቃት «ሥራ በዛብኝ» ትለን ነበር።

የመለሷት አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ናቸው። ቤቷ ድረስ ሄደው «ልጄ፣ አንቺ በዘመርሽ ቀን እኔ ስለ ታመመው ልጄ አልቅሼ ጸልያለሁ፤ ድምፅሽ መሰንጠቁን በኋላ ከሰው ነው የሰማሁት» አሏት። አሁን በኋላኛው ረድፍ ቆማ ትዘምራለች። ማይክ ይዛ ብቻዋን ግን እስከ ዛሬ አልዘመረችም። አንድ ቀልድ ከጉባኤ ላይ ምን ያህል እንደሚወስድ ከዚህ እንማራለን።

እንግዲህ አንመርምር ማለታችን አይደለም። ጳውሎስ በ1 ተሰሎንቄ 5 ሁሉን እንድንፈትን ያዘናል። የመዝሙሩ ቃል ከእግዚአብሔር ቃል ጋር ካልተስማማ ዝም ማለት ፍቅር አይሆንም፤ ድምፅና ኪቦርድ ካልገጠሙም የመዘምራን መሪ በልምምድ ቀን ሊያርም ይገባል። ነገር ግን እንዲህ የሚያርም ሰው ከዘማሪዋ ጎን የቆመ ነው፤ በሚቀጥለው ሳምንትም አብሯት ይለማመዳል። የሶፋው ዳኛ ግን ነጥቡን ጥሎ ወደ መኝታው ይሄዳል። ሮሜ 14 ደግሞ አንድ ጥያቄ ያስቀምጥልናል፤ ይህ አገልጋይ የማን ነው? የሌላ ጌታ አገልጋይ ከሆነ፣ መቆሙም መውደቁም በጌታው ፊት ነው፤ ጌታው ደግሞ ሊያቆመው ይችላል።

ነቢዩ ሶፎንያስ በምዕራፍ 3 ላይ የሚያሳየን እግዚአብሔር በሩቅ ተቀምጦ ነጥብ አይጽፍም። ባፈረና በተዋረደ ሕዝብ መካከል ሆኖ፣ በእነርሱ ደስ ይለዋል፣ በዝማሬም ሐሴት ያደርጋል። በክርስቶስ የተቀበለን አምላክ የተሰነጠቀውን ድምፃችንን «የእኔ» ብሎ ይሰማዋል።

ወገኖች፣ በዚህ እሑድ አንድ ነገር እንለማመድ። መዘምራኑ ሲቆሙ ከመካከላቸው አንዱን መርጠን፣ ዝማሬው እስኪያልቅ ስለ እርሱ ወይም ስለ እርሷ በልባችን እንጸልይ፤ ስለ ሥራቸው፣ ስለ ቤታቸው፣ ስለ ድካማቸው። ቡናው ሲቀዳም ቀርበን «ስትዘምሪ እየጸለይኩልሽ ነበር» እንበል። ይህን በእውነት ለማለት የጸለየ ሰው መሆን ያስፈልጋል፤ በዚያች ሰዓት የጸለየ ሰው ደግሞ ነጥብ ለመቁጠር ጊዜ አያገኝም።

ጌታ ቤታችሁንና ጉባኤያችሁን ይባርክ። አሜን።