ጊጊሪ በጥቅምት፦ እርሳስ ይዘን የከረምንባቸው ሁለት ወራት

ለሁለት ወር ያህል ከመንደራችን ጠፍተን መክረማችንን ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። ልጃችን እግሯን ናይሮቢ እንድትታከም ተልካ ስለነበር አስታማሚ ሆነን አብረናት ሄደን ነበር። ቤት ድረስ መጥታችሁ የጠየቃችሁን ሁሉ ውለታችሁ አይረሳም፤ አሁን ያለ ክራንች መራመድ ጀምራለች። ይህች ጽሑፍ ግን ስለ ሕክምናው አይደለችም። «በቀጠሮና በቀጠሮ መካከል ምን ስትሠሩ ከረማችሁ?» ብላችሁ ለጠየቃችሁን መልስ ናት። ሥዕል ስንማር ከረምን። አዎ፣ በአርባ ምናምን ዓመታችን።

አትሳቁ፣ ምክንያት አለን። የካምፓችን ትምህርት ቤቶች የሚከተሉት የኬንያ ሥርዓተ ትምህርት ሥዕልን ከትምህርቶቹ አንዱ አድርጎታል። እኛ ደግሞ መምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ሳለን የተማርነው ሥዕል ቢኖር መምህሩ ሰሌዳ ላይ የሣሉትን እንስራ ገልብጦ ማሳየት ብቻ ነበር። ገለበጥን፣ አለፍን፣ ተመረቅን። ከዚያ ወዲህ ልጆቻችን «ቤት ሣሉ» ሲባሉ ሁሉም አንድ ዓይነት ቤት ነው የሚሥሉት፦ ሦስት ማዕዘን ጣሪያ፣ መሐሉ ላይ በር፣ ግራና ቀኝ መስኮት፣ ከጎኑ ሎሚ የመሰለ ዛፍ። እንዲህ ያለ ቤት ካኩማ ውስጥ ማን አለው? ከእኛ ነው የወሰዱት።

ከዓመታት በፊት አንዲት ተማሪያችን ጭቃ ግድግዳውን፣ የላስቲክ ጣሪያውንና ንፋስ እንዳይወስደው ላዩ ላይ የተጫነውን ድንጋይ አድርጋ የራሷን ቤት ሣለች። እኛ ሆዬ «ቤት እንዲህ አይደለም» ብለን በቀይ አረምንላት። ልጅቷ ዛሬ ከቤተሰቧ ጋር በሦስተኛ አገር ትገኛለች። ያ ቀይ እስክሪብቶ ግን አሁንም እኛው ኪስ ውስጥ ያለ ይመስለናል።

በሎድዋርና በኪታሌ አድርጎ ናይሮቢ የሚያደርሰውን መንገድ ታውቁታላችሁና አናሰለቻችሁም። የመውጫ ፈቃዳችንን በየኬላው እያሳየን፣ የልጃችንን እግር ጭናችን ላይ አድርገን ደረስን። ያረፍነው ሩአካ፣ እትዬ እያልን በምንጠራቸው የወሎ ሴት ቤት ነው። እትዬ ጊጊሪ ውስጥ በአንድ የውጭ አገር ሰው ቤት ምግብ ያበስላሉ። የሚኖሩባት ክፍል አንድ ናት፤ መሐሉን በመጋረጃ ከፍለው ግማሹን ለእኛ ለቀቁልን።

ጊጊሪ ከናይሮቢ መሐል ከተማ በስተሰሜን፣ በሊሙሩ መንገድ ላይ ያለ ሠፈር ነው። ከከተማ 106 ቁጥር ማታቱ ይወስዳችኋል፤ ዝናብ ከጣለ ግን ሒሳቡ ይጨምራልና ኪሳችሁን አይታችሁ ተሳፈሩ። እ.ኤ.አ. በ1972 የተቋቋመው የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚያ ነው፤ የሃቢታትም እንዲሁ። ኤምባሲው፣ የአምባሳደሩ መኖሪያ፣ ቪሌጅ ማርኬት የሚባለው ትልቅ የገበያ ማዕከል፣ ሁሉም በአንድ አካባቢ ናቸው። እኛ በየድንኳኑና በየጄሪካኑ ላይ የምናውቀው ሰማያዊ ቀለም እዚያ በመኪና በር ላይ ሆኖ ሲያልፍ ታያላችሁ። የጊጊሪ ሰው በእግሩ ብዙም አይሄድም። በእግራቸው የሚሄዱት እንደ እትዬ ያሉት ናቸው፤ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ከሩአካ በኩል በመንገዱ ዳር ተሰልፈው ይወርዳሉ። አብሳዩ፣ አትክልተኛው፣ ሞግዚቷ፣ ጥበቃው። እኛም ደብተራችንን በፌስታል ጠቅልለን ከሰልፉ ገባን።

ወቅቱ መፀው ነበር። በእኛ አቆጣጠር ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው፣ አገር ቤት አደይ አበባው ሜዳውን የሚያለብስበትና እህሉ የሚያሽትበት ጊዜ ማለታችን ነው። ፈረንጆች በዚህ ወራት ቅጠል ይረግፋል ይላሉ። ጊጊሪ ላይ የሚረግፈው ቅጠል ሳይሆን አበባ ነው። ጃካራንዳ የሚሉት ከደቡብ አሜሪካ የመጣ ዛፍ በጥቅምት ወር ሐምራዊ አበባ ለብሶ ይታያል። «ቩሊ» የሚባለው አጭሩ ዝናብ ሲጀምር ደግሞ አበባው አስፋልቱ ላይ ይነጠፋል፤ መኪና ሲሄድበት ጧ ጧ ይላል። አዲስ አበባ ጃካራንዳ አይተን እናውቃለን። ማየት ካላችሁት ነው እንግዲህ፤ የዛፉን መልክ ንገሩን ብንባል ኖሮ አንመልስም ነበር።

ያስተማሩን ኬንያዊ አዛውንት ናቸው። ድሮ የሱቅ ማስታወቂያ ሲጽፉና የማታቱ ጎን ሲሥሉ ኖረው፣ አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ግቢያቸው ውስጥ ጎልማሶችን ያስተምራሉ። ስማቸው እንዲነሳ አልፈለጉም። ክፍያውን እንደማንችል ስንነግራቸው ሸራ መወጠር እንችል እንደሆነ ጠየቁን። መዶሻና ሚስማር ማን ያቅተዋል? እሳቸው «አሜሪካኒ» የሚሉትን፣ እኛ አቡጀዲ የምንለውን ጨርቅ በእንጨት ላይ ወጥረን በኮላና በነጭ ቀለም ስንቀባ ዋልን፤ የትምህርት ቤት ክፍያችን እሱ ሆነ። ተማሪዎቹ ስድስት ነን። አንዱ የሌሊት ጥበቃ ነው፤ ከሥራ ሳይተኛ ይመጣና እያንቀላፋ ይሥላል። የፀጉር ሠሪ አለች፣ ጡረታ የወጡ ሁለት ባልና ሚስት አሉ፣ የማታቱ ረዳት አለ። ከሁሉ ይልቅ የሚያፍሩት እኛ ነበርን፤ አስተማሪ ሲማር ማየት ደስ አይልም፣ በተለይ ለአስተማሪው።

የመጀመሪያው ቀን ትምህርት የገዛ ጫማችንን መሣል ነበር። ሦስት ሰዓት ሙሉ አንድ ጫማ! በረባሷችንን አውልቀን ፊታችን አስቀመጥንና በሩብ ሰዓት ጨርሰን አሳየናቸው። አዛውንቱ አዩትና፣ ይህ ጫማ ሳይሆን የጫማ ሐሳብ ነው አሉን፤ ተረከዙ ላይ ያለው ስንጥቅ የታለ? የቀኙ ጠርዝ ከግራው ይልቅ ማለቁን አላያችሁም ወይ? እውነትም አላየንም ነበር። ስድስት ዓመት አድርገነዋል እኮ።

ሁለተኛው ትምህርት ልክ መውሰድ ነው። ክንድን ሙሉ በሙሉ ዘርግቶ፣ አንድ ዓይን ጨፍኖ፣ እርሳሱን ቀጥ አድርጎ ይዞ፣ ጫፉን ከነገሩ አናት ማስተካከልና አውራ ጣትን ነገሩ እስከሚያልቅበት ድረስ ማውረድ። ያቺን ልክ ይዞ ዛፉ የበሩን ስንት እጥፍ ይሆናል ብሎ መቁጠር። ክንዳችሁን ካጠፋችሁ ልኩ ይበላሻል። ይህን ለክፍሎቻችን አንድም ቀን ሳናስተምር ሃያ ዓመት ማስተማራችን ይገርማል።

በአዘቦት ቀን ሥራችን እንዲህ ነበር። ሌሊት 11 ሰዓት ተነስተን የልጃችንን ፋሻ እንቀይራለን፣ ሻይ አፍልተን ከዳቦ ጋር እናቀርብላታለን፣ የጎረቤት ልጅ አጠገቧ ትሆናለች፤ ከእትዬ ጋር ወርደን እስከ 4 ሰዓት ስንሥል ቆይተን እንመለሳለን። ጠዋቱን የመረጥነው ለብርዱ ብለን አይደለም። ናይሮቢ ከምድር ወገብ አጠገብ ስለሆነች በዚያ ወራት በቀትር ፀሐይ ከአናት በላይ ትሆንና ጥላ ሁሉ እግር ሥር ይገባል። ጥላ ከሌለ ደግሞ ዛፍ ወረቀት ላይ ጠፍጣፋ ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ግንዱ በአንድ ወገን ደምቆ በሌላው ጠቁሮ ክብነቱን ያሳያል። የካኩማም ፀሐይ ከዚህ አይለይም፤ ልብ በሉልን።

አንዳንድ ቀን ካሩራ ጫካ እንገባለን። ከአንድ ሺህ ሄክታር በላይ የሆነ፣ ከጊጊሪ ጋር የሚዋሰን ደን ነው። የደኑን መሬት ለግንባታ ሲያከፋፍሉት ዋንጋሪ ማታይ ተቃውመው፣ እ.ኤ.አ. በጥር 1999 ችግኝ ሊተክሉ ሄደው ተደብድበዋል። በ2004 የኖቤል የሰላም ሽልማትን አገኙ። መግቢያው ላይ ዋጋው ለአገሬው አንድ፣ ለነዋሪ ሌላ፣ ለጎብኚ ሌላ ነው። እኛ ከየትኛው ነን? ትኬት ቆራጩም የስደተኛ መታወቂያችንን አገላብጦ አይቶ ጥቂት አሰበና ከነዋሪው መደበን። እዚያ ከሰል ለማጥፋት የያዝነውን የዳቦ ልብ ጦጣ ቀምታን ዛፍ ላይ ወጥታ ስትበላው፣ እሷኑ ለመሣል ሞከርን። አልቆም አለች እንጂ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ጥቅምት አጋማሽ ላይ በአንድ የጎን መንገድ፣ ስሙን በማንጠራው ግቢ ትይዩ፣ ከአጥር በላይ ቅርንጫፉን የዘረጋ ጃካራንዳ አገኘን። ቦይ ጠርዝ ላይ ተቀምጠን ጀመርን። ቁመቱን ለመለካት ግድግዳውን ሣልን፣ ከግድግዳው ጋር በሩን፣ ከበሩ በላይ ያለችውን ትንሽ ሣጥን። ሣጥኗ ካሜራ ነበረች። የአዛውንቱ ተማሪ ሆነን የለ? ያየነውን ሁሉ ሣልና። ብዙም ሳንቆይ አንድ ጥበቃ መጣ፣ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ አለቃቸው። ደብተሩን ወሰዱ። መታወቂያ አሉ፣ የመውጫ ፈቃድ አሉ፣ የሐኪም ወረቀት አሉ። ፈቃዳችን ሊያበቃ ሦስት ሳምንት ነበር የቀረው። በዚያች ሰዓት የታየን ሥዕሉ ሳይሆን፣ ቢይዙን ሩአካ የተኛችውን ልጅ ማን ፋሻ ይቀይርላታል የሚለው ነበር። ላባችን ወረደ።

ሰዎቹን ክፉ ናቸው አንልም። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 7 ቀን 1998 መሐል ናይሮቢ የነበረው የአሜሪካ ኤምባሲ በቦምብ ሲመታ ከ200 በላይ ሰው አልቋል፤ አብዛኞቹ ኬንያውያን ነበሩ። ኤምባሲው በ2003 ወደ ጊጊሪ የተዛወረው ከዚያ በኋላ ነው። እዚያ ሠፈር በር የሚሥል ሰው በር የሚያጠና ሰው ይመስላል። ይህን ስናውቅ ቁጭ ብለን ካሜራ መሣላችን የእኛ ሞኝነት ነው። ቢሆንም አንድ ሰዓት ያህል አቁመው፣ ወዲያና ወዲህ ደውለው፣ ገጹን ቀደው ወሰዱትና ደብተሩን መለሱልን። አለቃው ሊሄድ ሲል ዞር ብሎ «ምዋሊሙ፣ ዛፉን ሣል፣ ግንቡን ተው» አለን።

ለአዛውንቱ ስንነግራቸው ይቆጡልናል ብለን ጠብቀን ነበር። እሳቸው ግን የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ግንቡን በማስመሪያ ነበር የሣላችሁት? አዎ አልን። ዛፉንስ? በጥድፊያ። ሳቁብን፤ ቁጭ በሉና ዛፉን ሳታዩት ሣሉት አሉን። ሣልነው። ከወገቡ ወደ መንገዱ ማዘንበሉ፣ ቅርንጫፎቹ መጀመሪያ ወደ ታች ወርደው ከዚያ ወደ ላይ መመለሳቸው፣ ግማሽ ጎኑ ገና አለማበቡ፣ ሁሉም መጣልን። ያን ያህል ሰዓት ጥበቃዎቹ መሐል ቆመን ዓይናችንን ያሳረፍነው እሱ ላይ ነበር ለካ። ማታ ለልጃችን አሳየናት። ሌላ ጊዜ «አባዬ፣ ይሄ ዣንጥላ ነው» ነበር የምትለው። ያን ቀን ዝም ብላ አየችውና «ይሄ ዛፍ ምን ሆኖ ነው የተጣመመው?» አለች። ከዚህ የሚበልጥ ማርክ አግኝተን አናውቅም።

ከመመለሳችን በፊት በዚያው በ106 ማታቱ ሽቅብ ወጥተን ባናና ሂል ያለውን የሥዕል ማሳያ አየን። ያቋቋመው ሻይን ታኒ የሚባል፣ ትምህርት ቤት ገብቶ ሥዕል ያልተማረ፣ በፊት በየጎዳናው የአክሮባት ትርኢት ያሳይ የነበረ ሰው ነው። አዛውንቱ ስለ እኛ አገር ሰዓሊዎች ሲጠይቁን ደግሞ አለ ፈለገ ሰላም እ.ኤ.አ. በ1957 አዲስ አበባ ላይ ስለመሠረቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ነገርናቸው፤ ዛሬ በስማቸው ይጠራል። በዚያው ዓመት ሰዓሊና ገጣሚ ገብረ ክርስቶስ ደስታ በሃያ አምስት ዓመቱ ገደማ ሥዕል ሊማር ወደ ኮሎኝ፣ ጀርመን ሄደ። ተመልሶ በአለ ትምህርት ቤት አስተማረ፤ በ1981 በስደት አሜሪካ ውስጥ አረፈ። አዛውንቱ «ስደተኛ ነበር?» ብለው ደግመው ጠየቁን። አዎ አልናቸው።

ስንሰናበት አንድ ብልሃት ሰጥተውናል፤ ገንዘብ ስለማይጠይቅ እዚህ እናስፍረው። የሥዕል ከሰል ለመሥራት ክዳን ያለው ባዶ ጣሳ ያስፈልጋል፤ የዘይት ጣሳም ክዳን ከተበጀለት ይሆናል። ክዳኑን በሚስማር አንዴ ብሱት። እርሳስ የሚያካክሉ ለስላሳ ደረቅ ጭራሮዎችን ልጣችሁ ጥቅጥቅ አድርጋችሁ ሙሉት፣ ዝጉት፣ ፍም መሐል አስገቡት። ከቀዳዳው ጭስ መውጣት ሲያቆም አውጡት፤ ነገር ግን ሙሉ በሙሉ ሳይቀዘቅዝ አትክፈቱ፣ አየር ሲያገኝ ይቀጣጠልና አመድ ይሆናል። ይህን አዋቂ ይሥራው፣ ልጆች እሳቱ ዘንድ አይቅረቡ። ማጥፊያው የዳቦ ልብ ነው፤ እዚህ ጦጣዋ ባትኖርም ፍየል አለችና ጠብቁት።

ከመጪው ቅዳሜ ጀምሮ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ካለው ኒም ዛፍ ሥር እንቀመጣለን። ልጅም አዋቂም መምጣት ይችላል። በአንድ ጎኑ የተጻፈበት ወረቀት ይበቃል፤ ከሰሉን እኛ እናዘጋጃለን። የመጀመሪያው ቀን ሥራ ጫማ ነው፣ የሁለተኛው ሳምንት የየራሳችን ቤት። ማስመሪያ አታምጡ።