ጭቃና ፊደል

ክረምት መጣ ማለት ለእኛ ለተማሪዎች ወደ ቤት መግቢያ ነው። ቤት ደግሞ ታናናሾቻችን ይጠብቁናል። ኪሳችንን እንደምታውቁት ነው፤ ከረሜላ ይዘን እንገባለን፤ እሱም ያንኑ ዕለት ያልቃል። ከዚያ በኋላ ያለው ሁለት ወር ሙሉ ዝናብ ነው። ልጆቹ ከቤት መውጣት አይችሉ፤ እኛም መሄጃ የለን። እነሱ ይንጫጫሉ፤ እኛ እንቆጣለን፤ በመጨረሻ ስልካችንን አውጥተን እንሰጣቸውና ቤቱ ጸጥ ይላል። ለመሆኑ በዚያ ጸጥታ ውስጥ የልጁ እጅ ምን እየሠራ ነው? ዛሬ ልናነሣ የፈለግነው ይህንን ነው።

ስልክን ልንኮንን አልተነሣንም። ሲነጋ ወጥታ ሲመሽ የምትገባ እናት ልጇን ዝም የሚያሰኝላት ነገር ብታገኝ ማን ይፈርድባታል? ደግሞም ለልጅ የሚበጅ ነገር ከመስተዋት ጀርባ መጥቶ አያውቅም አይባልም። እ.ኤ.አ. በ2006 በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የጀመረችው «ፀሐይ መማር ትወዳለች» እኮ የአሻንጉሊት ቀጭኔ ናት። ሆኖም ቀጭኔዋን ቁጭ ብሎ ማየት አንድ ነገር ነው፤ ከአሮጌ ካልሲ ቀጭኔ ሠርቶ፣ እጅን አስገብቶ ማናገር ግን ሌላ ነው።

ባለፈው ክረምት ሦስት የዶርም ጓደኛሞች ጎንደር ከአንዳችን ቤት ከረምን። የቤቱ እናት ጉልት ይቸረችራሉ። ቤት የሚውሉት የአራት ዓመት ወንድ ልጅና የሰባት ዓመት እህቱ ናቸው። እኛም ሥራ አልነበረንምና ከልጆቹ ጋር አንድ ነገር እንሞክር ተባባልን። ምን እንሥራ? አንዳችን ከስልኩ ላይ የውጭ አገር ምክር አነበበልን፤ «ዱቄትና ጨው አቡኩ፣ ሩዝ በቀለም ንከሩ፣ መኮሮኒ በክር ሰኩ» ይላል። እንዴ! በእህል መጫወት በእኛ ቤት ነውር ነው። የዱቄቱ ዋጋ ሳይነሣ ማለት ነው። እንግዲህ ለእኛ የቀረን ከጓሮ በነጻ የሚገኘው ጭቃ ነበር።

ጭቃ ቀላል መስሎ የራሱ ሥርዓት አለው። ጠጠሩና ሥሩ ይለቀማል። ውኃው ጥቂት በጥቂት እየተጨመረ እጅ ላይ መጣበቁን እስኪተው ድረስ እንደ ሊጥ ይታሻል። የላም እግር ዝም ብሎ ከሆዷ ቢለጠፍ ሲደርቅ ይወድቃል፤ መጋጠሚያው በእንጨት ተጫጭሮ፣ በቀጭን ጭቃ ተለስኖ ሲጣበቅ ግን ይጸናል። የተሠራው ነገር ጥላ ውስጥ ቀስ ብሎ መድረቅ አለበት። ልጁ ቶሎ ትድረቅልኝ ብሎ ምድጃ አጠገብ ያስቀመጣት ላም ተሰነጣጥቃ አገኛት፤ ውጭዋ ከውስጧ ቀድሞ ስለደረቀና ስለተኮማተረ ነው። አለቀሰ። ከዚያም ሌላ ሠርቶ በራሱ ጊዜ አልጋ ሥር አኖራት። ይህን ማንም አልነገረውም።

ማታ እናትየው ገብተው ያዩትን አዩና ነጠላቸውን ሳያወልቁ እንዲህ አሉን፦

«ምነው ልጆቼ! ዩኒቨርሲቲ የላክናችሁ ጭቃ ልታስቦኩልን ነው? ፊደል አታስቆጥሩልኝም? እኔ ፀሐይና ዝናብ የሚፈራረቅብኝ እሱን ከጭቃ ላወጣው ነው እኮ።»

ዝም አልን። ምክንያቱም ንግግሩ ከባድ ነው። በአገራችን ሸክላ ሠሪው፣ ሸማኔውና ቀጥቃጩ ሲናቁ ኖረዋል፤ በሸክላቸው እየበላን፣ ሸማቸውን እየለበስን። ሩቅ ሳንሄድ ከጎንደር ወጣ ብላ ያለችውን ወለቃን እንውሰድ። የቤተ እስራኤል ሴቶች እዚያ ከሸክላ የሚሠሯቸውን ትናንሽ ምስሎች ጎብኚ እየገዛ ወደ አገሩ ይወስድ ነበር፤ ሠሪዎቹ ግን በጎረቤት ዓይን የተናቁ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1984 እና በ1991 በተደረጉት ጉዞዎችና በመካከላቸው ባሉት ዓመታት አብዛኛው የቤተ እስራኤል ሕዝብ ወደ እስራኤል ሄደ። እናም አንዲት እናት «ከጭቃ ላወጣው» ስትል ይህን ሁሉ ታሪክ ተሸክማ ነው። በመጽሐፍ ዕውቀት ተመክተን «ተሳስተዋል» የምንላት አይደለችም።

ነገር ግን ፊደሉስ በምን ይጻፋል? በእጅ አይደለም እንዴ! ልጅ ሦስት ዓመት ሲሞላው ገደማ ክብ ይሥላል፤ አራት ማዕዘን የሚሆንለት በአራትና በአምስት ዓመቱ መካከል ነው፤ ሦስት ማዕዘን ደግሞ ወደ አምስቱ ሲጠጋ። ከዚያ በፊት እርሳስ አስጨብጠን «ጻፍ» ብንለው ጣቶቹ ገና አልጠነከሩም። ጭቃ መጭመቅ፣ ማድበልበል፣ መቆንጠር ጣት ያጠነክራል። በማግስቱ እኛና ልጆቹ ጭቃውን እንደ ትል እያንከባለልን ማጠፍ ጀመርን። ትሉ ጫፍና ጫፉ ሲገጥም «ዐ» ሆነ። እንደ በር ሲቆም «በ»። ሁለት ቀለበት ጎን ለጎን ሲጣበቅ «መ»። እናትየው ማታ ሲያዩ ምንም አላሉም። ላሚቱን ብቻ አንሥተው ገለባበጡና «ጡቷስ የታለ? ያለ ጡት ምን ላም ትባላለች?» አሉት። ልጁ እዚያው ቁጭ ብሎ አራት ጡት ለጠፈላት።

ከጭቃው ወደ ቀለም ሄድን። ከሰል ጥቁር ነው። እርድ በውኃ ተበጥብጦ ቢጫ ይሰጣል (ከልብስ ግን አይለቅም፣ ተጠንቀቁ)። ቀይ ሥር ተፈቅፍቆ ሲጨመቅ ቀይ፣ የጎመን ቅጠል ወረቀት ላይ ሲታሽ አረንጓዴ፣ የቡና አተላ ቡናማ ነው። ብሩሽስ? የመፋቂያ ጫፍ ሲታኘክ ብሩሽ ይሆናል። ወረቀቱ ደግሞ ከእኛው ሻንጣ ወጣ፤ የሃንድአውታችን ጀርባ ነጭ ነው። መብራት በጠፋ ማታ ሻማ አብርተን በጣታችን ግድግዳው ላይ ውሻና ወፍ አወጣን፤ ተረቱን የምትጨምርበት እህትየዋ ነበረች።

አንድ ቀን የጎረቤት ልጅ፣ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ፣ መጣና በጣም የሚያምር ቤት ሣለለት፤ ከነጣሪያው፣ ከነመስኮቱ። ልጁ አየውና የራሱን ወረቀት ገፋ። «አንተ ሣልልኝ» አለ። ሁለት ቀን እርሳስ አልነካም። ጎረቤታችን ክፋት አላሰበም፤ ደግ ነው። ቪክቶር ሎወንፌልድ የተባለው የሥነ ጥበብ መምህር እ.ኤ.አ. በ1947 ባሳተመው መጽሐፉ ይህንኑ ጉዳይ አንሥቷል፤ ትልቅ ሰው ነድፎ ልጅ ቀለም የሚሞላበት ሥዕል ሕፃኑ በራሱ እጅ ላይ ያለውን እምነት ያዳክማል ባይ ነው። ከዚህ የምንወስደው ቀላል ነው። ለልጁ አትሣሉለት፤ አጠገቡ ቁጭ በሉ። «ይሄ ምንድን ነው?» ብሎ ከማፋጠጥ «እስቲ ንገረኝ» ማለት ይሻላል። እግር ከራስ ላይ ቢወጣ አታርሙት፤ የሦስትና የአራት ዓመት ልጅ ሰውን የሚሥለው እንደዚያ ነው።

መጠንቀቅ የሚገባንም አለ። አንዳንዶቻችን ገጠር ስንማር ሰሌዳ ለማጥቆር የባትሪ ድንጋይ ሰብረን ከቅጠል ጋር እንወቅጥ ነበር፤ ጎጂ ነገር አለበትና ለታናናሾቻችን አናውርሰው። ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ ባቄላም ቆርኪም መስጠት አይገባም፤ ወይ ይውጠዋል ወይ አፍንጫው ውስጥ ይከተዋል። ከጭቃ በኋላ እጅ በሳሙና ይታጠባል።

እንቁጣጣሽ ሲደርስ በየቤቱ የሚታደለው ሥዕል ጉዳይ መጣ። ብዙ ልጅ አሁን ፎቶ ኮፒ የተደረገ አበባ ገዝቶ ያድላል። የኛው ልጅ ግን የራሱን ስምንት ሥዕል ይዞ ወጣ፤ ሁሉም እግር ያላት ፀሐይ ናት። አንድ ጎረቤት ገልብጠው ቢይዙት «እንደሱ አይደለም፣ ትወድቃለች» ብሎ አቃናላቸው። ዘጠነኛው ሥዕል ቤት ቀረ። ግድግዳ ላይ የምንለጥፍበት ሙጫ አልነበረንም። እናትየው ጓዳ ገብተው አንድ ማንኪያ ዱቄት አመጡና «በሉ፣ በእሳት አብስሉት» አሉን።

ግቢ ከተመለስን በኋላ ስልክ ደውለን ነበር። እናትየው ሲያማርሩ «ቤቱን በጭቃ ሞላው፤ መቀመጫ አጣን» አሉ። ፊደሉን ስንጠይቃቸው «እስከ ተ ደርሷል» አሉን።

እናንተስ፣ ከየአገሩ የመጣችሁ ጓደኞቻችን፣ በልጅነታችሁ ከምን ምን ትሠሩ ነበር? ከሽቦ መኪና፣ ከአገዳ በሬ፣ ከጨርቅ ኳስ? አሠራሩን ሳትረሱት ጻፉልንና በሚቀጥለው እትም እናውጣው። ክረምቱ ሲመለስ የሚጠብቁን አሉ።