ለተማሪ ሥራ ወረቀትን ስለ መለካት

ብራና የሚጽፍ ሰው ቆዳውን ሳይለካና ሳያሰምር ብርዑን ከቀለም አያገባም። ይህን በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ሳለን አይተናል፤ ለዛሬው የኅትመት ሥራም የሚጠቅም ሥርዓት ነው።

የንድፍ ትምህርት የምትማር ልጃችን ለፈተናዋ ባለ 16 ገጽ መጽሐፍ ነድፋ ነበር፤ ገጹ በወርዱም በቁመቱም 20 ሳንቲሜትር ነው። የማተሚያውን ዋጋ በሰማች ጊዜ «አባባ፥ ይቅርብኝ» አለችን። የጸሐፊ ደመወዝም የታወቀ ነው። ነገር ግን ማታ አብረን ወረቀቱን ለካነው። ኤ3 የሚባለው ወረቀት 29.7 በ42 ሳንቲሜትር ነውና የርሷን ገጽ በፊትና በኋላው 4 ብቻ ይይዛል፤ ሢሶው ያህል ተቆርጦ ይጣላል። ገጹ 14 በ20 ቢሆን ግን 8 ይይዛል፤ ስለዚህ ለአንድ መጽሐፍ በ4 ወረቀት ፈንታ 2 ይበቃል።

ደግሞም በኦፍሴት ሲታተም የሰሌዳው ዋጋ ለ10 ቅጂም ለ1000ም አንድ ነውና፥ ለጥቂት ቅጂ ሰሌዳ የማይሻው ዲጂታል ማተሚያ ይረክሳል። ሙከራው በተራ ወረቀት ይሁን፤ መልካሙ ወረቀት ለመጨረሻው ይቈይ።

ልጃችንም ንድፏን በአዲሱ ልክ አስተካክላ ሥራዋን ፈጸመች።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፥ ልጅ ስለ ገንዘብ እጦት ሥራውን ልተው ሲል፥ ከመከልከልም ከመበደርም በፊት አብራችሁት ለኩ።